ያለ ኀፍረት የሚቈረስ እንጀራ



በትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ በየቤቱ ማዕድ ይዘረጋል። ዶሮው በአሥራ ሁለት ብልት ተገንጥሎ ተሠርቷል፤ ድፎ ዳቦው ተባርኮ ይቈረሳል፤ ልጆች እንቅልፋቸውን እየታገሉ ከመሶቡ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። በዚያችው ሰዓት ግን መብራቱን አጥፍቶ፣ በሩን ዘግቶ የሚተኛ ቤተሰብ አለ። ይህ ቤተሰብ ከደጀ ሰላም ቆሞ አይለምንም። አባትየው ትናንት ሠርቶ የሚያድር ሰው ነበር፤ እናትየውም ትናንት ለቸገረው ጎረቤት ዱቄትና በርበሬ ታበድር ነበር። ዛሬ የቤት ኪራዩ፣ ሕመሙ ወይም የሥራ ማጣቱ ጎድቷቸዋል። ነገር ግን «ምን ይሉኝ» ማለት ከረኀብ ይልቅ ስለሚከብዳቸው ችግራቸውን የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው።

የበዓል ምጽዋታችን ከደጀ ሰላም ለተቀመጡት ነዳያን ይደርሳል፤ መድረሱም የሚያስመሰግን ነው። ለዚህ ለተሸሸገው ድሃስ በምን መንገድ ይድረስ? በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ጥያቄ ይዘን በልዩ ልዩ አገሮች «የምግብ ባንክ» እየተባለ የሚጠራውን የርዳታ ሥርዓት እንመለከታለን፤ ሥሩንም በቅዱሳት መጻሕፍትና በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ውስጥ እንፈልጋለን።

የአንዲት እናት ሐሳብ

የምግብ ባንክ የተባለው ተቋም በመጀመሪያ የተመሠረተው በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት፣ በፊኒክስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። መሥራቹ ጆን ቫን ሄንግል የተባሉ ሰው ሲሆኑ፣ በዚያች ከተማ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለድሆች ምግብ በምታቀርብበት አዳራሽ በበጎ ፈቃድ ያገለግሉ ነበር። ታሪኩ እንደሚተርከው፣ ብዙ ልጆች የነበሯት አንዲት እናት ቤተሰቧን የምትመግበው ከሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች ጓሮ ከሚጣለው መካከል ገና ያልተበላሸውን እየለቀመች መሆኑን ነገረቻቸው። ሰዎች ገንዘባቸውን በባንክ እንደሚያስቀምጡና እንደሚያወጡ ሁሉ፣ ያለው ምግብ የሚያስቀምጥበት፣ የሌለው ደግሞ የሚወስድበት ቤት ቢኖር መልካም እንደሆነም አሳሰበቻቸው።

ቫን ሄንግል ይህን ሐሳብ ይዘው ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ቤተ ክርስቲያኒቱም አገልግሎት የማይሰጥ አንድ አሮጌ ሕንፃና 3,000 ዶላር ሰጠቻቸው። የመጀመሪያው የምግብ ባንክ በዚህ ሁኔታ ተቋቋመ፤ ስሙም የቅድስት ማርያም የምግብ ባንክ ተባለ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 በልዩ ልዩ ከተሞች የተቋቋሙትን የሚያስተባብር አገር አቀፍ ድርጅት ተመሠረተ፤ ይኸው ድርጅት ከ2008 ጀምሮ «ፊዲንግ አሜሪካ» በሚል ስም ይታወቃል፤ በሥሩም 200 ያህል የምግብ ባንኮች ይገኛሉ። በአውሮፓም እ.ኤ.አ. በ1984 በፈረንሳይ የመጀመሪያው ተከፈተ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሐሳቡ የፈለቀው ከባለጠጋ ወይም ከሊቅ አእምሮ አይደለም፤ ከተቸገረች እናት ነው። እርሷ የጠየቀችው ምጽዋት እንዲጨመርላት አልነበረም፤ የሚጣለው እንዳይጣል፣ የሚወስደውም ሰው እንዳያፍር ሥርዓት እንዲበጅ ነበር።

የሚጣለው ምግብ ነገር ዛሬም ዓለምን የሚያሳስብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ይህም ለሸማቹ ከቀረበው ምግብ 19 በመቶ መሆኑ ነው። ከባከነው ውስጥ 60 በመቶው የተጣለው በመኖሪያ ቤቶች ነው። በዚያው ዘመን 783 ሚሊዮን ሰዎች ይራቡ ነበር። ጌታችን አምስት ሺሑን ሕዝብ ካጠገበ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ እንዲሰበሰብ ማዘዙን (ዮሐ. 6፥12) ስናስብ፣ ተአምር አድራጊው አምላክ እንኳ ፍርፋሪ እንዲባክን አለመፍቀዱን እንረዳለን።

ከደጃፉ ላይ የቆመው ሰው

የምግብ ባንክ ሲባል በአብዛኛው ትልቁን መጋዘን ማለት ነው። ከገበሬዎች፣ ከፋብሪካዎች፣ ከመደብሮችና ከግለሰቦች የተሰበሰበው ምግብ በዚያ ተለይቶ ይደረደራል፤ ከዚያም በየሰፈሩ ላሉ ማደያዎች ይከፋፈላል። ከማደያዎቹም ብዙዎቹ በአብያተ ክርስቲያናት ምድር ቤትና አዳራሽ ውስጥ ይገኛሉ። በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ ባሉ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮች ይህን ሥራ የሚያከናውነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው «ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ» ነው። ይህ አካባቢ ደግሞ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት በመሆኑ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ከአገሩ በቅርቡ የወጣ፣ የሥራ ፈቃዱን የሚጠባበቅ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ወደዚህ ዓይነቱ ማደያ ሲሄድ ምን ይገጥመዋል? አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ስሙን፣ የሚኖርበትን ሰፈርና የቤተሰቡን ብዛት ነው። በአንዳንዱ ቦታ አስቀድሞ የታሸገ ካርቶን ይሰጠዋል፤ በሌላው ደግሞ እንደ መደብር በተደረደሩ መደርደሪያዎች መካከል እየተዘዋወረ የሚፈልገውን ራሱ እንዲመርጥ ይደረጋል። ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋና ዓሣ፣ ወተት፣ ሽንኩርትና ድንች ከሚገኙት ውስጥ ናቸው።

ጾመኛ ቤተሰብ የምርጫውን ጥቅም በቀላሉ ይረዳል። በዐቢይ ጾም ውስጥ ወተትና የታሸገ ሥጋ የሞላበት ካርቶን የተቀበለች እናት ወይ ለፍስክ ታቆየዋለች፣ ወይ ለማይጾም ጎረቤቷ ትሰጠዋለች፤ የዚያን ሳምንት ራት ግን አላገኘችም። ራሷ እንድትመርጥ ከተፈቀደላት ምስሩንና ሽምብራውን፣ ሽንኩርቱንና ዘይቱን ይዛ ትመለሳለች፤ ቤቷም ወጥ ይወጠወጣል። በዚህም ላይ ምርጫው የሰውየውን ክብር ይጠብቃል። የሚመርጥ ሰው የቤቱ አስተዳዳሪ መሆኑ አልቀረም፤ የተወረወረለትን ብቻ የሚያነሣ ሰው ግን በራሱ ዓይን ያንሳል።

ሆኖም ብዙዎች እዚያ ደጃፍ ላይ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። የአገር ሰው ያየናል ብለው ከሰፈራቸው ርቀው የሚሄዱ አሉ። «እኛ ርዳታ ለመቀበል ነው ወይ የመጣነው?» በማለት ልጆቻቸውን በዳቦና በሻይ የሚያሳድሩም አሉ። ይህ ስሜት የትዕቢት ብቻ አይደለም፤ ሠርቶ ለማደርና ለሌላው ለመትረፍ ከተማረ ኅብረተሰብ የወጣ ስሜት ነው። መከበር ይገባዋል። ሕፃን የሚያስርብ ሲሆን ግን ሊታረም ይገባዋል።

መቀበል ነውር አይደለም። ጌታችን ራሱ በምድር ሲመላለስ ሴቶች ከገንዘባቸው ያገለግሉት ነበር (ሉቃ. 8፥3)፤ ከሳምራዊቷም ሴት ውኃ ለምኗል። ነቢዩ ኤልያስ የሰራፕታዋን መበለት እንጎቻ ተቀብሎ በልቷል። ሁሉን የፈጠረ አምላክ ከፍጡር እጅ መቀበልን ካልናቀ፣ እኛ ከወንድማችን እጅ ብንቀበል ክብራችን አይጎድልም።

የዮሴፍ ጎተራና የቦዔዝ እርሻ

በጥጋብ ቀን ሰብስቦ በረኀብ ቀን ማከፋፈል በቅዱስ መጽሐፍ አዲስ ነገር አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛውን እጅ እያስከማቸ በየከተማው ጎተራ አኖረ፤ ሰባቱ የረኀብ ዓመታት ሲመጡም ጎተራውን ከፈተ (ዘፍ. 41)።

ስለ አሰጣጡ ጠባይ የሚያስተምረን ግን ይልቁንም የሩት ታሪክ ነው። በኦሪቱ ሕግ ባለ እርሻ አዝመራውን ሲያጭድ ዳር ዳሩን እንዳይጨርስ፣ የወደቀውንም ቃርሚያ ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ታዝዞ ነበር (ዘሌ. 19፥9-10)። ሞዓባዊቷ ሩት በዚህ ሕግ መሠረት ልትቃርም ወጣች። ቦዔዝ ከሕጉም አልፎ፣ አጫጆቹ ከነዶው እየመዘዙ አውቀው እንዲጥሉላት፣ እንዳይገሥጿትና እንዳያሳፍሯትም አዘዘ (ሩት 2፥15-16)። ሩት በዚያን ቀን የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ይዛ ወደ አማቷ ተመለሰች።

የቦዔዝን ጥበብ እናስተውል። እህሉን በቁና ሰፍሮ፣ ሕዝብ ሰብስቦ፣ «እነሆ ለመበለቲቱ ሰጠሁ» ማለት ይችል ነበር። ያንን አላደረገም። በድካሟ እንዳገኘችው ሆኖ እንዲሰማት አደረገ። ከዚህች ሴት ዘር ዳዊት ተወለደ፤ ከዳዊትም ዘር በሥጋ መድኃኔ ዓለም ተወለደ። ያለ ኀፍረት የተሰጠ እህል የመድኃኒታችንን የዘር ሐረግ መገበ ማለት ይቻላል።

በአዲስ ኪዳንም በመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን የዕለት ምግብ ሲታደል ከግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎች ወገን የሆኑ መበለቶች ችላ ተባሉ። ሐዋርያት ይህን የምግብ አስተዳደር ጉድለት እንደ ትንሽ ነገር አልቈጠሩትም፤ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው፣ እጃቸውን ጭነው ሾሙአቸው (የሐዋ. 6፥1-6)። ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ ከእነዚህ አንዱ ነው። እንግዲህ በዲቁና ስም የምንጠራ ሁላችን ማዕርጋችን ከመበለቶች መሶብ ጋር የተያያዘ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባንም። ማሕሌቱና ቅዳሴው እንዳለ ሆኖ፣ ማን ሳይበላ እንደሚያድር መጠየቅም የዲያቆን ሥራ ነው።

አባቶቻችን ያደረጉት

በሥርዓተ ቅዳሴያችን በስሙ የተሰየመ ቅዳሴ ያለው ቅዱስ ባስልዮስ በቀጶዶቅያ እ.ኤ.አ. በ368 ገደማ ታላቅ ረኀብ በተነሣ ጊዜ እህል የሸሸጉትን ባለጠጎች በስብከቱ ገሥጾ ጎተራቸውን አስከፍቷል። የተራቡትንም በአንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ድስት አስጥዶ፣ ራሱ እያስተናገደ መግቧቸዋል። ከዚያም በኋላ ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ድሆች፣ ሕሙማንና እንግዶች የሚያርፉበትን ሰፊ መንደር አሠርቷል። ዮሐንስ አፈ ወርቅም በአንጾኪያ ሲያስተምር ቤተ ክርስቲያኒቱ በመዝገብ ይዛ የምትረዳቸው መበለቶችና ደናግል 3,000 እንደሚደርሱ ተናግሯል። ከ1,600 ዓመት በፊት የተረጂዎች መዝገብ ነበረ ማለት ነው።

ጾምና ምጽዋትም የማይለያዩ ናቸው። በጥንት ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰው የሄርማስ መጽሐፍ፣ ጾመኛው በዚያን ቀን ሊበላ የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ይመክራል። በፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም ከሚናገረው አንቀጽ 15 ቀጥሎ አንቀጽ 16 ስለ ምጽዋት ይደነግጋል። ነቢዩ ኢሳይያስም እውነተኛውን ጾም ሲገልጥ እንጀራን ለተራበ ከመቍረስ ጋር ያያይዘዋል (ኢሳ. 58፥7)። ከዚህ በመነሣት ሃምሳ አምስት ቀን ከማዕዳችን የቀነስነው ሥጋና ቅቤ ዋጋው የት ገባ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

በአገራችን ሕዝበ ክርስቲያኑ ይህን ትምህርት በሰንበቴ፣ በጽዋ ማኅበርና በዝክር ሥርዓት ሲፈጽመው ኖሯል። የሰንበቴ ማኅበርተኞች በተራቸው እንጀራና ዳቦ፣ ጠላና ንፍሮ ይዘው ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባሉ፤ ነዳያንም ከማዕዱ ይካፈላሉ። ተራው የደረሰው ድግሱን ያወጣል፤ በሌላው ሰንበት ደግሞ ከሌላው ድግስ ይቀምሳል። በመሆኑም ዛሬ ሰጪ የሆነ ነገ ተቀባይ ነው፤ ማንም በማንም ላይ አይኮራም።

ግለሰቦችም ታላቅ ሥራ ሠርተዋል። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ ሲሄዱ በመንገዳቸው በረኀብ የተጎዱ ወገኖችን አዩ፤ ሁለት ሕፃናትንም ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያች ጉዞ የተነሣው ሥራ ለብዙ ሺሕ ሕፃናት መጠለያ የሆነ ድርጅት አስገኘ። እርሳቸውም በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የብዙዎች እናት ሆነው ኖረዋል። ምእመናን ከበረከት ቦታ ሲመለሱ እምነትና ጠበል ይዘው እንደሚመጡ ሁሉ፣ እርሳቸው የበረከቱን ባለቤት በሕፃናት አምሳል ይዘውት መጡ።

«የምግብ ባንክ» የሚለውም ስም ለከተማችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ በአዲስ አበባ በዚሁ ስም ዱቄት፣ ዘይትና መኮሮኒ ከነዋሪው እየተሰበሰበ ለተቸገሩት ይከፋፈል ነበር። ተስፋ ብርሃን በሚል ስም የተከፈቱት የምገባ ማዕከላትም ለተቸገሩ ሰዎች የበሰለ ምግብ የሚያቀርቡ ናቸው። በየበዓሉ በየወረዳው የሚደረገው ማዕድ ማጋራትም የብዙዎችን ቤት ያሞቃል።

የቀረው ነገር

ይህ ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ ብለን እናምናለን። አንደኛው ቀጣይነት ነው። ረኀብ በዓል አያውቅም፤ ለትንሣኤ የተሰጠ አምስት ሊትር ዘይት በሰኔና በሐምሌ አይገኝም። ሁለተኛው ምስጢር ነው። በካሜራ ፊት፣ ስሙ እየተጠራ፣ ዱቄቱን በትከሻው ተሸክሞ ፎቶግራፍ የሚነሣ አባት ልጆቹ በማግስቱ ትምህርት ቤት ምን እንደሚባሉ ያስባል። ቀኝ እጅ የሚያደርገውን ግራ እጅ እንዳታውቅ የተሰጠው ትእዛዝ (ማቴ. 6፥3) የሰጪውን ነፍስ ከውዳሴ ከንቱ የሚጠብቅ ብቻ አይደለም፤ የተቀባዩንም ገመና ይሸፍናል።

ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ለዚህ ምስጢር የሚሆን፣ ሌላው ዓለም በቀላሉ የማያገኘው መንገድ አላት። እርሱም የንስሐ አባት ነው። የንስሐ አባት በየቤቱ ይገባል፤ የቤተሰቡን ኀዘንና ደስታ ያውቃል፤ የሰማውንም አያወራም። ሌማቱ ባዶ መሆኑን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያይ እርሱ ነው። እያንዳንዱ ደብር በሰበካ ጉባኤው አማካይነት አንዲት ትንሽ ክፍል ለጎተራ ቢለይ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱም የሚገባውንና የሚወጣውን በመዝገብ ቢይዝ፣ ካህናቱ ስም ሳይጠሩ የቤተሰቡን ቍጥር ብቻ ነግረው ቢያስወጡ፣ በሩን ዘግቶ ለሚተኛው ቤት ማዕድ ይደርሳል። በፊኒክስ የተጀመረውም በአንድ አሮጌ ክፍል ነበር።

ለዚህ ጎተራ የሚሆነው የበሰለው ትርፍራፊ ሳይሆን የሚቆየው ነው፤ ይኸውም ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ክክ፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ጨውና ሳሙና ናቸው። እማወራዋ ሽሮ ባስፈጨች ቍጥር አንዲት ጣሳ ብትለይ፣ ለክርስትና ወይም ለሠርግ የሚደግሰውም ከአሥር ኩንታል አንዱን ቢቀንስ ማንንም አይጎዳም። የሚበላሸውንና የተቀደደውን መስጠት ግን አይገባም፤ ለራሳችን ልጅ የማናቀርበውን ለክርስቶስ ማቅረብ ይሆናልና። ተቀባዩም በተቻለ መጠን ራሱ ይምረጥ፤ የሕመምተኛ ቤት ጨው የሌለበትን፣ አራስ ያለችበት ቤት አጃ ወይም ገብስ የሚሻ ሊሆን ይችላል።

ለእናንተም፣ በዚህ በዓል የሌላውን እጅ ለመጠበቅ ለተገደዳችሁ ወገኖቻችን፣ አንድ ቃል አለን። ቅዱስ ጳውሎስ የመቄዶንያና የቆሮንቶስ ምእመናን ለኢየሩሳሌም ድሆች እንዲያዋጡ ባሳሰበ ጊዜ፣ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ፣ በሌላ ጊዜም የዚያኛው ትርፍ የዚህኛውን ጉድለት እንዲሞላ አስተምሯል (2ቆሮ. 8፥13-15)። ትናንት ለጎረቤታችሁ ያበደራችሁት በርበሬ፣ በሰንበቴ ተራችሁ ያቀረባችሁት ዳቦ፣ ለለቅሶ ቤት ያደረሳችሁት ንፍሮ ሁሉ ተቀምጧል። ዛሬ የምትቀበሉት ከዚያ ነው፤ ነገም ሞልቶላችሁ መልሳችሁ ታስቀምጣላችሁ።

ሞትን ድል አድርጎ የተነሣው ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ ሲገለጥ አስቀድሞ ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው (ዮሐ. 21)። ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ አድረው ምንም ያልያዙት እነዚያ ሰዎች ከመካከላቸው አንዱ በመከራው ጊዜ የካደው ነበር። ጌታ ግን ስለዚያ ከማንሣቱ በፊት ቁርስ አበላቸው። የትንሣኤን በዓል የምናከብር ሁላችን ከዚህ ማዕድ ሥርዓቱን እንማር፤ መጀመሪያ እንጀራው ይቅረብ፣ ጥያቄው ይቆይ።